ልጄ ታነበንባለች እንጂ አታነብም፤ ምን ላድርግ?

የሚጣ አባት፣ ጥቅምት 9

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ረዘም ያለ ነው፣ ታገሡኝ።

አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት በሁለት ተኩል ናት። የሥራ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ አንዳንዴም የፍቅር ደብዳቤ እጽፋለሁ። (አዎ፣ ዛሬም የሚያስጽፍ አለ።) ቀኑን ሙሉ የሰው ፊደል ስለቅም እውላለሁ። የራሴ ልጅ ግን ማንበብ አልቻለችም።

ሚጣ ስምንት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገባች። የምትማረው እዚሁ መሀል ከተማ፣ የግል ትምህርት ቤት ነው። ስሙ ይቅር። ምላሷ ስለት ነው። አያቷ የነገረቻትን ተረት ቃል ሳትስት ትደግመዋለች፤ አያቷ መሀል ላይ ያሳለችውን ሳል እንኳ አታስቀርም። ሱቅ ስትላክ መልስ አይሸወዱባትም።

እስካለፈው ወር ድረስ ታነባለች ብዬ ነበር የማምነው። ማታ ማታ የአማርኛ መጽሐፏን ዘርግታ፣ በጣቷ እየጠቆመች ታነብልኛለች። እኔም ሥራ ላይ የደከመ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። አንድ ምሽት መብራት ሄደ። እሷ አላቆመችም። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብላ ገጹን እስከ መጨረሻው ወጣችው።

መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ እኔ ሳቄ ቆመ።

ሻማ ለኮስኩና ክፍል ውስጥ ያልደረሱበትን ገጽ ገለጥኩላት። "በቅሎ" የሚለውን "በግ" አለችው። ሥዕሉ ላይ በግ ነበራ። "ሜዳ" የሚለውን "ሚዳ" አለች። "ቤት" ሲሆን አወቀችው፤ "ቤቴ" ሲሆን "ቢቲ" አለችኝ። ሀ ሁን ግን በዜማ ጠይቋት፣ እስከ ፐ ድረስ ትንፋሽ ሳትውጥ ትወርደዋለች። ከመሀል አንድ ፊደል ነጥዬ ሳሳያት ነው የምትጠፋው።

ኮሚኒኬሽን ቡኳ ላይ አስተማሪዋ "ንባብ ላይ ደካማ ስለሆነች ቤት ውስጥ ትታገዝ" ብላ ጽፋለች። እንዴት ትታገዝ? እሱን አልጻፈችም። ሄጄ ጠየቅሁ። ክፍሉ ውስጥ 56 ልጅ አለ። አስተማሪዋ ላይ አልፈርድም። "ስንፍና ነው፣ ጫን በሏት" ተባልኩ። ጫን አልኳት። በቀን አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ተኩል። አሁን መጽሐፉን ሳወጣ ሆዴን አመመኝ ትላለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጮህኩባት። ምን እንዳልኳት እዚህ አልጽፈውም። እናቷ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ልክ ነበረች።

አስጠኚ መቅጠር አስቤ ነበር። በሰዓት የሚጠሩት ዋጋ ከኔ ኮፒ ጋር አይተዋወቅም።

እንግዲህ ይሄ ስንፍና ነው? በሽታ ነው? በዕድሜ የሚለቅ ነገር ነው? እንግሊዝኛውንም አብራ እየተማረች ነው፣ እሱ ይሆን ያምታታት? ማታ ሱቅ ዘግቼ ቤት ስገባ፣ ምን ላድርግ?

ጎፈሬው፣ ጥቅምት 9

ወንድም፣ ዝም ብለህ ነው የምትጨነቀው። እኛ የኔታ ዘንድ በአለንጋ ነው የለየነው። የዘንድሮ ልጅ ተሞላቆ ነው። ሞባይሏን ንጠቃት፣ ታነባለች።

የካዛንቺሷ፣ ጥቅምት 9

የካዛንቺሷ ነበርኩ ማለት ይሻላል። ሰፈሩ ፈርሶ አሁን ራቅ ብለን ነው ያለነው። ስሙን ግን አልለውጥም።

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ዓይኗን አስመርምር። የኔ ትልቁ ልጅ ሁለተኛ ክፍል እያለ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ሁሉ ከጎኑ ካለው ልጅ የተገለበጠ ነበር። ስህተቱም የዚያ ልጅ ስህተት። እኛ የኩረጃ ቅጣት ስንቀጣው ከረምን። በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ወሰድኩት። ወረፋው አለ፣ በጠዋት ሂድ። መነጽር ታዘዘለት። በመጀመሪያው ቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ ምን አለኝ? "እማዬ፣ ቲቸር ለካ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው።" አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማረው ሰው ነው እኮ!

ግን እንዳትሸወድ። መነጽር ንባብ አያስተምርም። የሚያየውን አጠራለት እንጂ፣ ያመለጠውን ፊደል አልመለሰለትም። እንደገና ከሀ ነው የጀመርነው።

ጆሮዋንም አሳይ። ጉንፋን የሚመላለስባት ወይም ጆሮዋን የሚያማት ከሆነ፣ "ተ"ን ከ"ጠ"፣ "ከ"ን ከ"ቀ" ሳትለይ እያለፈች ሊሆን ይችላል። በጆሮዋ ያልለየችውን በዓይኗ ለይ ማለት ከባድ ነው።

ጡረተኛዋ መምህርት፣ ጥቅምት 10

የሚጣ አባት፣ 31 ዓመት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስልክ ላይ መጻፍ ጣቴን ስለሚያደክመኝ እዚህ ቤት ብዙ አልጽፍም። ያንተ ነገር ግን አላስተኛኝም።

መጀመሪያ ጎፈሬው ልጄ፣ ያስነበበህ አለንጋው አይደለም። የኔታ አለንጋ ብቻ አልነበራቸውም፤ ዘዴ ነበራቸው። ልጁ ሀ ሁን በዜማ ሲወጣው ዝም ብለው አያምኑትም። አቡጊዳን ያመጡበታል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ፊደሉም ተራውን ስቷል፣ ድምፁም ተራውን ስቷል። እዚያ ላይ ዜማ አያድንም። በስንደዶ እየጠቆሙ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች ይጠይቁታል። የሚጣ አባት፣ የናንተ ቤት መብራት መጥፋት ለሚጣ አቡጊዳ ሆነባት ማለት ነው።

ሰነፍ የምትለውን ቃል ከቤትህ አውጣ። ሙሉ ገጽ በጆሮዋ ሰምታ በቃሏ የያዘች ልጅ እንዴት ሰነፍ ትባላለች? ከማንበብ የሚከብደውን ነው የሠራችው። ማንበብ እንዳቃታት ለመደበቅ ይህን ያህል ለፍታለች። እንደሷ ያሉ ብዙ አይቻለሁ። ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው በኅብረት ሲያነቡ ድምፃቸው ከሁሉ በላይ ይሰማል።

አሁን ወደ ሥራው። ካርቶን አይጠፋህም። እንደ ካርታ መጫወቻ ቆራርጠህ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፍ። 33ቱን በ7 ብታባዛ 231 ነው፤ ሁሉንም ባንድ ቀን አታምጣባት። በየቀኑ ሃያ ሃያ፣ ተደበላልቆ። ወዲያው ያለችውን አንድ ወገን፣ የተጠራጠረችበትን አንድ ወገን፣ የማታውቀውን አንድ ወገን አስቀምጥ። አትገሥጻት፣ አታርማት፣ ዝም ብለህ ለይ። ስትጨርስ "ማንበብ አልቻለችም" የሚለው ጭንቀትህ ያልቅና "እነዚህን አልለየችም" የሚል ክምር እጅህ ላይ ይቀራል። ክምር ደግሞ ይቀነሳል።

ከጻፍከው እንዳየሁት ሣልስና ኃምስ ተምታቶባታል። ሜዳን ሚዳ፣ ቤቴን ቢቲ። ይሄ የተለመደ ነው። ሣልሱ እግሩ ሥር ቀጥ ያለች ጭረት አለችው። በኃምሱ ያቺው ጭረት ተጠቅልላ ቀለበት ትሆናለች። ቢ፣ ቤ። ኒ፣ ኔ። ቀለበቷን በጣቷ ትንካት፣ አፈር ላይ ትጻፋት፣ ሊጥ ላይ ትጻፋት።

የባሰው ጣጣ ሳድስ ነው። መልኩ ሕግ የለውም፤ ል፣ ት፣ ን፣ ር፣ እያንዳንዱ በየፊናው። ድምፁም እንደዚያው ነው። "ብርቱካን" ብለህ ጻፍ። ብ ላይ ትንሽ ድምፅ አለ፣ ር ላይ የለም። ጽሑፉ ግን ይህን አይነግርህም። ጀማሪ ልጅ ሁሉንም እኩል ይጎትተዋል። ብ... ር... ቱ... ካ... ን። መጨረሻ ላይ ምን አነበብሽ ስትላት ብርቱካኑ ጠፍቷል። እዚያ ላይ ነው ወላጅ የሚጮኸው። "አሁን አላነበብሽውም እንዴ!" ፊደሉን አንብባዋለች፤ ቃሉ ነው ያልተያያዘላት። አንተ ቶሎ አድርገህ አያይዝላት፣ ትድገመው፣ እለፉ።

ማጥበቅና ማላላትም አለ። "ገና" ብለህ ጻፍ። ገና አልመጣም ነው ወይስ የገና በዓል? አጻጻፉ አንድ ነው። የሚያጠብቀውና የሚያላላው አንባቢው ነው፤ እሱም ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ካወቀ። ስለዚህ የአያቷ ተረት ጊዜ ማባከን እንዳይመስልህ። ሳሏም ጭምር!

መጽሐፍ ሳትይዙ፣ መንገድ ላይ፣ በጆሮ ብቻ ተጫወቱ። "ሰላምን በጭብጨባ ቁረጪልኝ" በላት። ሰ፣ ላ፣ ም። "ሰ"ን ጣይው፣ ምን ቀረ? ላም! "ወንበር" ላይ "ወን"ን ጣይው? በር! ይሄ ጨዋታ ይመስላል። ልጅ ቃል ከድምፅ የተሰፋ መሆኑን ካልሰማ ግን ፊደል ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባውም።

የንባቡ ጊዜ 15 ደቂቃ ይሁን፣ ግን በየቀኑ። አንድ ሰዓት ተኩሉን ተወው። መጀመሪያ አብራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ እሷ ስትደፍር አንተ ድምፅህን ቀንስ። ስትሳሳት በሆድህ እስከ አምስት ቁጠር። ራሷ ካላረመችው ንገራትና ቀጥሉ። ከአሥር ቃል ከአንድ በላይ ከሳተች ጽሑፉ ከብዷታል፤ ቀለል ያለ አምጣ። የአንደኛ ክፍሉን ብታወጣ ነውር የለውም።

ያንኑ ጽሑፍ ሦስት አራት ጊዜ መድገም ጥሩ ነው። ሚጣ ግን ትሸመድድብሃለች። ፎቶ ኮፒ ቤት አለህ አይደል? አጉልተህ አትምና ዓረፍተ ነገሮቹን በመቀስ ቆራርጠህ በትናቸው። እሷ ታገጣጥም። በቃሏ የያዘችው ተራ ሲሰበር ዓይኗ ወደ ፊደሉ ይመለሳል።

እንግሊዝኛውን ጠይቀሃል። የኛ ፊደል ስሙም ድምፁም አንድ ነው፤ "በ" ስሙ "በ" ነው። የፈረንጁ ስሙ "ቢ" ነው፣ ቃል ውስጥ ሲገባ ግን "ብ" ይላል። ሁለቱ ባንድ ዓመት ሲመጡ ያልጸና ልጅ ቢያምታታ አይፈረድበትም። ትምህርት ቤቱ የራሱን ይቀጥል። አንተ ማታ የምትይዛት ግን በአማርኛው ይሁን። አንዱ ሲጸና ሌላውን ይስበዋል።

የሀ ሐ ኀን፣ የሰ ሠን፣ የጸ ፀን ክርክር አሁን አታንሳባት። ትልልቆቹም ገና አልተስማሙበትም።

ሆዴን አመመኝ የምትለውን ደግሞ ውሸት ነው እንዳትል። በእውነት ያማታል።

ሽቦ፣ ጥቅምት 11

መምህርት፣ እርስዎ ያስተማሩኝ ቢሆን ኖሮ ብዬ አነበብኩት። ለማንበብ 20 ደቂቃ ፈጀብኝ። አልቀለድኩም።

34 ዓመቴ ነው። ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሦስተኛ ክፍልን ሁለቴ ነው የተማርኩት። ስሜ ክፍል ውስጥ "ዶማ" ነበር። የሕንፃ ድሮዊንግ ግን አንዴ ካየሁ አይጠፋኝም፤ የትኛው ሽቦ በየት ወጥቶ የት እንደሚገባ ጨፍኜ አወጣዋለሁ። ሪፖርት ጻፍ ስባል ነው የሚያልበኝ።

ዲስሌክሲያ የሚባል የማንበብ ችግር እንዳለ የሰማሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ሰው ቤት ሶኬት ስቀይር ነው። የቤቱ ሴትዮ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበሩ። ደረሰኝ ስጽፍ አይተውኝ ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ እሰማለሁ። አነባለሁ አላልኩም፣ በስልክ እሰማለሁ። ከብልህነት ጋር አይገናኝም። በመድኃኒት የሚድን በሽታም አይደለም። ፊደልና ድምፅን ደረጃ በደረጃ፣ እየደጋገሙ ሲያስተምሩ ግን ይሻሻላል። መምህርት የጻፉት ማለት ነው። ቤተሰብ ውስጥም ይወርዳል።

ሚጣ አለባት አላልኩም። ይሄን በጽሑፍ ማንም አይለይም። ስድስት ወር ያህል በትክክል ታግዛ ፈቅ ካላለች ግን ባለሙያ ይያት።

ከኔ የምትወስደው አንድ ነገር ቢኖር፣ እንግዳ ፊት እንዳታስነብባት። ክፍል ውስጥም ድንገት "ተነሺ አንብቢ" እንዳትባል አስተማሪዋን ለምናት። አሁንም ድረስ የሚታወሰኝ የልጆቹ ሳቅ አይደለም። ከሳቁ በፊት ያለችው ፀጥታ ናት።

ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር ታድርግ። ዓይኗ አይዘልባትም። እኔ ዛሬም እንደዚያ ነው የማደርገው።

አንድ ልጠይቅህ፣ በናንተ ቤተሰብ ውስጥ እንደዚህ የነበረ ሰው አለ?

ጎፈሬው፣ ጥቅምት 11

አለንጋውን መልሻለሁ። መምህርት ይቅርታ። እውነቱን ለመናገር የኔታ ዘንድ ስምንት ወር ብቻ ነው የቆየሁት።

የሚጣ አባት፣ ጥቅምት 11

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጣትዎን አያሳምምዎት።

ሽቦ፣ የጠየቅከውን ለመመለስ ሁለቴ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

ታላቅ ወንድሜ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። አይሱዙ ይነዳል። እስከ ሞያሌ ድረስ ያለውን መንገድ በዛፉና በኮረብታው ነው የሚያውቀው። አባታችን እኔን ያስተምር፣ እሱን ይደበድብ ነበር። እኛም ታናናሾቹ ሰነፍ ነው እያልን አደግን። እስከ ዛሬ አዲስ አበባ በገባ ቁጥር ሱቄ ይመጣና የጭነት ወረቀቱን ይሰጠኛል። "መነጽሬን ረሳሁ፣ እስቲ አንብብልኝ" ይለኛል።

መነጽር የለውም። ኖሮትም አያውቅም። እኔም ይህን አውቃለሁ። አነብለታለሁ።

የካዛንቺሷ፣ ኅዳር 16

የሚጣ አባት፣ ጠፋህ እኮ። ዓይኗን አሳየህ?

የሚጣ አባት፣ ታኅሣሥ 20

ይቅርታ፣ ሰሞኑን የመመረቂያ ጽሑፍ ተደራርቦብኝ ነው።

ዓይኗ ደህና ነው። አንዱ ጆሮዋ በኩክ ተደፍኖ ነበር፤ ጠረጉላት። ንባቡ በዚያ አልተፈታም። ቤታችን ውስጥ ግን የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀነሰ።

ካርቶኑን ቆረጥኩ። ከ231ዱ 61 ያላወቀችው ወጣ። አብዛኛው ኃምስና ሳድስ ነው፣ ልክ እንደተባለው። ሐ እና ሠን ደግሞ ገልብጣ አንድ ነው ትላለች። ካርቶኑን አዙሬ ሳየው እውነቷን ነው፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ይመስላል። ይህን ሁሉ ዓመት በፓወር ግዕዝ ስጽፍ ልብ ብዬው አላውቅም። ያ 61 አሁን 19 ደርሷል። ክምሩን በላስቲክ አስሬ ኪሴ ውስጥ ነው የምይዘው።

ቁርጥራጩ ግን የሁሉ አለቃ ሆነ። በኒያላ ፊደል፣ መጠኑን 36 አድርጌ አተምኩ። "አያቴ ቡና አፈላች። ድመቷ ወተት ጠጣች።" ቃል በቃል ቆርጬ በተንኩት። እሷ ስታገጣጥም "ድመቷ ቡና አፈላች" ሆነ። መጀመሪያ ዝም አለች። እንደገና በጣቷ ሄደችበት። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው፣ መሬት ላይ ተንከባለለች። በፊደል ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ድመቷ ያልሠራችው ሥራ የለም። አሁን ራሷ ናት "አባ፣ ቁረጥልኝ" የምትለው።

የታክሲ ታፔላም እናነባለን። አራት ኪሎ ቆመን "ያ ወዴት ነው የሚሄደው?" እላታለሁ። ችግሩ ረዳቱ ነው። ገና ፊደሉን ሳትጀምረው "መገናኛ! መገናኛ!" ብሎ ፈተናውን ያበላሽብናል። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ፣ ድምፁ ከማይደርስበት ነው የምንቆመው። አንድ ቀን "ሽሮ ሚዳ" አለች፣ ቆም አለች፣ አየር ላይ በጣቷ ቀለበት ሠራችና "ሜዳ" አለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከፓርላማው ፊት ለፊት ወዳለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንሄዳለን። የሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ከዕድሜዋ በታች የሆነ መጽሐፍ ብትመርጥ ማንም አያያትም። እኔም ዝም ነው። ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን ነው የምታየው። ይሁን።

የሚያሳፍረውንም ልናገር። ሚድ ፈተና ሊደርስ ሲል አንድ ምሽት እንደገና ጮህኩባት። እስከ አምስት መቁጠር ሁለት ላይ አለቀብኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። "እሺ፣ ግን 15 ደቂቃው አልፏል" አለችኝና መጽሐፉን ዘጋችው። ፈተናው ላይ ከ20 ዘጠኝ አመጣች። ከዚያ በፊት አራት ነበር። አስተማሪዋ ደግሞ የምታነበውን አንቀጽ ከአንድ ቀን በፊት ልትነግራት ተስማማች። ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ባውቅ መስከረም ላይ እጠይቅ ነበር።

ወንድሜ ባለፈው እሑድ መጣ። ሚጣ ቁርጥራጩን ወለል ላይ ዘርግታ ነበር። አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ ቡና እየተቆላ ነበር። ሲሄድ "ትርፍ ካለህ ይሄን ወረቀት ኮፒ አድርግልኝ" አለኝ። ለማን ነው አላልኩትም። አጉልቼ አተምኩለት።

የዛሬውን ነግሬያችሁ ልሂድ። ሱቄ በር ላይ ከመስከረም ጀምሮ የተለጠፈ ወረቀት አለ። የምሠራውን ሁሉ ይዘረዝራል። ሚጣ ከትምህርት ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ እኔ ደንበኛ ላይ ነበርኩ።

"አባ፣ ላሚሽን ምንድነው?"

"ላሚኔሽን ነው። መታወቂያ በፕላስቲክ ስናሽግ።"

"አይደለም። ላ፣ ሚ፣ ሽ፣ ን ነው የሚለው። ኔ የለውም።"

ወጥቼ አየሁ። የለውም። ሦስት ወር ከምናምን! ስንት ተማሪ፣ ስንት ጠበቃ፣ አንድ ሁለት መምህርም አልፎበታል። እኔ ራሴ በየቀኑ እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ሁላችንም ገና "ላሚ" ስንል ቀሪውን ከራሳችን ሞልተን እናልፋለን። እሷ አንድ በአንድ ስለምትሄድ አልቻለችም።

ሌላ ላትም ስል እምቢ አለች። በእስክሪብቶ ራሷ መሀሉ ላይ ሰካችው። ቀለበቷ ከፊደሏ ትበልጣለች።

ጡረተኛዋ መምህርት፣ ታኅሣሥ 20

ሳድሱስ?

የሚጣ አባት፣ ታኅሣሥ 20

ገና።

ጡረተኛዋ መምህርት፣ ታኅሣሥ 20

የትኛው ገና?

የሚጣ አባት፣ ታኅሣሥ 20

የላላው፣ መምህርት። የጠበቀው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።